ቅጽሩን እንደ ነህምያ፦ የሕዝብ ሥራና ገንዘብ በአደራ ለያዙ

ነህምያ ነቢይ አልነበረም፤ ካህንም ንጉሥም አልነበረም። በሱሳ የፋርሱ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ የነበረ፣ በኋላም የይሁዳ ገዥ የሆነ ምእመን ነው። ባሕር አልከፈለም፣ ሙት አላስነሣም። የፈረሰ ቅጥር ዞሮ አየ፣ ሥራ አከፋፈለ፣ ድሀውን ከአበዳሪው አላቀቀ፣ ስም አጥፊን መለሰ፣ ግምጃ ቤቱን ለታመኑ ሰዎች አስረከበ። ለሰበካ ጉባኤ አባል፣ ለዕድር ዳኛና ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ይህን ያህል የሚቀርብ መጽሐፍ የለም። በ13ቱ ምዕራፎች ውስጥ ሕዝቡን “እመኑኝ” ብሎ የለመነበት ቦታ አይገኝም። ሥራውን ሰው ሁሉ አይቶና ቆጥሮ ሊያረጋግጠው በሚችል መንገድ አካሄደው፤ መታመኑ ከዚያ መጣ።

እዚህ የምናስቀምጠው ያንን አሠራር በጎንደር ደብርና ሰፈር እንዴት ሥራ ላይ ማዋል እንደሚቻል ነው። ምሳሌ ያደረግነው የደብር ቅጽር ጥገናን ነው። በ44ቱ ታቦት አገር ክረምት በወጣ ቁጥር የተናደ ወይም የተንጋደደ ቅጽር አይጠፋም፤ ሥራውም ጉልበትን፣ ገንዘብን፣ ፈቃድንና ይሉኝታን አንድ ላይ ይፈትናል። የዕድር ድንኳን የሚገዙ፣ ለማኅበር አዳራሽ የሚያሠሩም በልካቸው ሊከተሉት ይችላሉ።

ከማወጅ በፊት ዙሩና ለኩ

ነህምያ የኢየሩሳሌምን መፍረስ የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ ጉዳዩን ለንጉሡ ያቀረበው ግን በኒሳን፣ አራት ወር ያህል በጾምና በጸሎት ከቆየ በኋላ ነው። ኢየሩሳሌም ከደረሰም በኋላ ሦስት ቀን ቆይቶ፣ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር በሸለቆው በር ወጥቶ ቅጥሩን ዞረ። ፍርስራሹ በዝቶ የተቀመጠበት እንስሳ ማለፊያ ያጣበት ቦታ ነበር። ለሹማምንቱም ለካህናቱም ገና ምንም አልነገራቸውም። “ኑና እንሥራ” ያለው ጉዳቱን በዓይኑ ካየ በኋላ ነው።

በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ ይሠራል። በንግሥ ቀን ዐውደ ምሕረት ላይ “ቅጽራችን ፈርሷል፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል” ይታወጃል፤ ቁጥሩን ግን ለክቶ ያመጣው የለም። ከወር በኋላ ቁጥሩ ሲለወጥ ሕዝቡ “ልዩነቱ የት ገባ?” ማለት ይጀምራል። አንድ ብር እንኳ ሳይጠፋ ኮሚቴው ተጠርጣሪ ይሆናል።

ልኬቱ ሦስት ሰው፣ የ50 ሜትር መለኪያ፣ ደብተርና ካሜራ ያለው ስልክ ይበቃዋል። ቅጽሩን በየ10 ሜትሩ በችካል ከፍሉት። ለእያንዳንዱ ክፍል ርዝመቱን፣ ቁመቱን፣ ውፍረቱን፣ በምን እንደተሠራ (ደረቅ ካብ፣ ጭቃ፣ ኖራ ወይስ ሲሚንቶ) እና ለምን እንደተናደ ጻፉ። የመጨረሻውን አትዝለሉት። ተዳፋት ላይ ያለ ቅጽር ብዙ ጊዜ የሚናደው ከጀርባው የተጠራቀመው የክረምት ውሃ መውጫ ሲያጣ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የዛፍ ሥር መሠረቱን ይነቀንቀዋል። በየ2 ሜትሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ሳይተዉ መገንባት የሕዝብን ገንዘብ ለሚቀጥለው ክረምት መስጠት ነው።

ቀጥሎ ስሌቱ ነው። የሚገነባው 60 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ቁመትና 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቢሆን 60 ሜትር ኪዩብ የድንጋይ ግንብ ይሆናል። ከዚህ ሲሶ የሚጠጋው የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ ከአራት እጅ አሸዋ ከተደባለቀ ለ1 ሜትር ኪዩብ ግንብ 1 ኩንታል ያህል፣ ማለትም ባለ50 ኪሎ 2 ከረጢት ሲሚንቶ ይገባል። ስለዚህ ከመሬት በላይ ላለው 60 ኩንታል ገደማ፣ ለብክነት አሥር ከመቶ ቢጨመር 66 ኩንታል ይበቃል፤ መሠረቱ ለብቻው ይሰላል። ይህን ወረቀት በኪሱ የያዘ ሰብሳቢ 90ኛው ኩንታል ሲጠየቅ “የት ሊገባ ነው?” ብሎ ማስቆም ይችላል። የማያውቀው ግን የሚቀርብለትን ወረቀት ሁሉ ይፈርማል፤ እጁ ንጹሕ ሆኖ እያለ ሌላው በፊርማው ይሰርቃል። ደግ ሆኖ አለማወቅ በአደራ ሥራ ላይ አደገኛ ነው፤ ይህን አጥብቀን እንናገራለን።

ፈቃዱና ቀኑ

ነህምያ ንጉሡን ከለመናቸው ነገሮች ሁለቱ ወረቀት ነበሩ፤ ከወንዝ ማዶ ላሉት ገዦች የማሳለፊያ ደብዳቤ፣ ለንጉሡ ዱር ጠባቂ ለአሳፍ ደግሞ የእንጨት ማዘዣ። ሥራው የእግዚአብሔር ነው ብሎ ሕጉን አልዘለለም። በጎንደር ይህ ከሌላ ከተማ ይልቅ ይከብዳል። ፋሲል ግንብ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋምና የፋሲል መዋኛ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡ ናቸው፤ በሌሎች ደብሮች ያሉ አሮጌ ቅጽሮችም ቅርስነት አላቸው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገን አይቻልም። ስለዚህ በልኬቱ ደብተርና በፎቶው ላይ ማመልከቻ ጨምራችሁ፣ በሀገረ ስብከቱ በኩል ወደ ከተማው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ አቅርቡ። በኖራ የተሠራን አሮጌ ግንብ በሲሚንቶ መለጠፍ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ጥፋት ነው። ሲሚንቶው ከኖራው ይልቅ ስለሚጠነክርና እርጥበት ስለማያስወጣ ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ድንጋዩም ይበላል፣ ልጣፉም ይላቀቃል።

ንጉሡ “መቼ ትመለሳለህ?” ሲለው ቀን ቆርጦ ነገረው። ቅጥሩም በ52 ቀን፣ ኤሉል 25 ቀን አለቀ። ለጎንደር የሚመቸው ጥምቀትን አሳልፎ መጀመር ነው፤ በጥምቀት ሰሞን ሰው ሁሉ ታቦት አጅቦ ባሕረ ጥምቀቱ ላይ ነውና ድንጋይ የሚያነሣ አይገኝም። ጥር 15 ቢጀመር 52ኛው ቀን መጋቢት 6 ይውላል። እሑዶችንና የማይሠራባቸውን ወርኃዊ በዓላት ስትቀንሱ ግን የሚቀረው 35 የሥራ ቀን ገደማ ነው። ይህን ሳያስቡ “በሁለት ወር እንጨርሳለን” ብሎ ማወጅ በኋላ የሚያሳፍር ቃል መስጠት ነው። ቀኑ ሲቆረጥ የማያልቅበት ምክንያትም አብሮ ይጻፍ፤ ዝናብ፣ የሲሚንቶ እጥረት፣ ፈቃድ መዘግየት።

ሥራውን በስም አከፋፍሉ

ምዕራፍ 3ን ብዙ ሰው ስም ብቻ ነው ብሎ ያልፈዋል። ለመሪ ግን ከሁሉ የጠቀመ ገጽ ነው። ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብ ከካህናቱ ጋር የበጎችን በር ጀመረ፤ አንጥረኞች፣ ቀማሚዎች፣ ነጋዴዎች፣ ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋር፣ ብዙዎቹም በየቤታቸው አንጻር ያለውን ሠሩ። በየቤታቸው አንጻር መሆኑ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ሰው በራሱ ደጅ ያለውን ግንብ አያበላሽም። እናንተም የ10 ሜትሩን ክፍል ለአንድ ማኅበር ወይም ለአንድ ሰፈር ስጡ፤ የክፍሉ ኃላፊ ስም፣ የሚያዋጡት የሰው ኃይልና የሚጨርሱበት ቀን በሉሕ ተጽፎ ቤተ ልሔሙ አጠገብ ይሰቀል።

የቴቁሔ ታላላቆች በሥራው ለመጎንበስ እምቢ አሉ። ነህምያ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ አለፋቸው፤ አልተከራከራቸውም። የቴቁሔ ሰዎች ግን ድርሻቸውን ጨርሰው ሁለተኛ ክፍል ደግመው ሠሩ። ጉልበታችሁን እምቢ ያለውን ባለጸጋ በማባበል አትጨርሱት። ደግሞም በዚያ ዝርዝር ውስጥ የገዥው የነህምያ ስም የለም። በቁጥር 16 ላይ የምናገኘው ነህምያ የዓዝቡቅ ልጅ፣ ሌላ ሰው ነው። የኮሚቴውን ስም በእብነ በረድ አስቀርጾ በሩ ላይ መለጠፍ በእኛ ዘመን ተለምዷል፤ መጽሐፉ ግን የሠሪዎቹን ስም ጻፈ። የሠሩትን ጻፉ።

ገንዘቡን ብዙ ዓይን ይየው

በምዕራፍ 13 ነህምያ ግምጃ ቤቶቹን ለአራት ሰዎች ሰጠ፤ ካህኑ ሰሌምያ፣ ጸሐፊው ሳዶቅ፣ ሌዋዊው ፈዳያ፣ ከእነርሱም ጋር ሐናን። አንዱ ከመቅደስ፣ አንዱ ከብዕር፣ አንዱ ከአገልጋዩ ወገን፣ አንዱ ደግሞ ረዳት። ከእርሱ በፊት የመጣው ዕዝራም እንዲሁ አድርጓል። 650 መክሊት ብርና 100 መክሊት ወርቅ ለ12 ካህናት መዝኖ አስረከበ፤ ወራት የፈጀውን መንገድ ተጉዘው ኢየሩሳሌም በደረሱ በአራተኛው ቀን በቤተ መቅደስ እንደገና ተመዘነ፤ ክብደቱም ሁሉ ተጻፈ። የተመዘነው ካህናቱ ስለተጠረጠሩ አልነበረም፤ ዕዝራ ራሱ “ለእግዚአብሔር የተቀደሳችሁ ናችሁ” ብሏቸዋል። ሚዛኑ ለቅዱሳኑም አስፈለገ። “አባ እገሌ ደግ አባት ናቸው፣ ምን መቁጠር ያስፈልጋል?” ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ሙዳየ ምጽዋት የሚከፈትበት ሥርዓት እንዲህ ይሁን፦

1. ሳጥኑ ሦስት የተለያየ ቁልፍ ይኑረው። አንዱን ከካህናት፣ አንዱን ከምእመናን፣ አንዱን ከሰንበት ትምህርት ቤት የተመረጠ ይያዝ። ሰበካ ጉባኤም ከእነዚሁ ከሦስቱ ወገኖች የሚመረጥ ስለሆነ ሰው አይቸግርም። አንዱ ሲታመም ቁልፉን ለባልደረባው “ለዛሬ ብቻ” ብሎ አይስጥ፤ ቀኑ ይተላለፍ።

2. የሚከፈትበት ቀን አስቀድሞ ይታወቅ፤ ለምሳሌ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቀን ብርሃን፣ በሩ በተከፈተ ክፍል ውስጥ።

3. ቆጣሪዎቹ ቢያንስ አራት ይሁኑ። ሁለቱ በየኖቱ ይለዩ፤ ባለ200፣ ባለ100፣ ባለ50፣ ባለ10፣ ባለ5፣ ሳንቲም። ሌሎቹ ሁለቱ ያንኑ ደግመው ይቁጠሩ። ሁለቱ ቁጥር ካልገጠመ እንደገና ይጀመር እንጂ “ትንሽ ልዩነት ነው” ተብሎ አይታለፍ።

4. የኖቱ ዓይነት፣ ብዛትና ድምር በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ሁሉም እዚያው ይፈርሙ። ወርቅ፣ የውጭ ገንዘብ ወይም የስእለት ዕቃ ከተገኘ በዓይነቱ ለብቻው ይጻፍ። ደረሰኝ ወዲያው ይቆረጥ።

5. ገንዘቡ ሰኞ ጠዋት ባንክ ይግባ፤ የባንኩ ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጋር ይሰፋ። ሌሊቱን በማንም ቤት አያድር፤ የሚያድርበት የብረት ሳጥን የደብሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ይኑር።

ከገንዘብ ጥፋት ይልቅ ዝናን የሚያጠፋው የግል ሒሳብ ነው። “በእኔ ቴሌብር ላኩልኝ፣ እኔ አስገባዋለሁ” ማለት ቅን ሰውንም ያዋርዳል። የራሱና የደብሩ ብር በአንድ ስልክ ውስጥ ከተቀላቀለ በኋላ ሰውየው ቢታመም፣ ስልኩ ቢጠፋ፣ ከሚስቱ ቢጣላ ማንም ሊለየው አይችልም። የባንክ ሒሳቡ በደብሩ ወይም በዕድሩ ስም ይከፈት፤ ለማውጣት ቢያንስ የሁለት ሰው ፊርማ ይጠየቅ። ሁለቱ ፈራሚዎች ወንድማማች፣ ባልና ሚስት ወይም አሠሪና ሠራተኛ አይሁኑ። ባዶ ቼክ አስቀድሞ መፈረም ሁለተኛውን ፊርማ ማጥፋት ነው።

በግዥ ላይ አራቱን ሥራ ለአራት ሰው አካፍሉ፤ የሚጠይቅ፣ የሚፈቅድ፣ የሚከፍል፣ ዕቃውን የሚረከብ። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ ሦስቱንም አንድ ሰው አይሰብስብ፤ የአንድ ባለሱቅ ሦስት ማኅተም ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶ ሲገባ ከረጢቱ ተቆጥሮ በሞዴል 19 ይመዝገብ፣ ለግንበኛ ሲሰጥ በሞዴል 22 ይውጣ። ከወለልና ከግድግዳ ራቅ ብሎ በእንጨት ላይ ይደርደር፤ እርጥበት ነክቶት የጠጠረ ሲሚንቶ በመዝገብ ካልተቀነሰ ነገ የጎደለ ይባላል። ለጥቃቅን ወጪ በእጅ የሚያዝ ገንዘብ ጣራ ይወሰንለት፤ የወጣበት ደረሰኝ ሳይቀርብ አይሞላ።

በየወሩ መጨረሻ ገቢው፣ ወጪውና በባንክ ያለው ቀሪ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ፣ በሩም ላይ ይለጠፍ። አንብቦ ማንሣት አይበቃም፤ የሰማው ሁሉ አይይዘውም፣ የተለጠፈውን ግን ሰው ቆሞ ያየዋል።

የተፈቀደላችሁን መተው

የነገሩ ልብ እዚህ ነው እንላለን። በምዕራፍ 5 ሕዝቡ ጮኸ። እርሻቸውንና ወይናቸውን ለእህል አስይዘዋል፣ ለንጉሡ ግብር ተበድረዋል፣ ልጆቻቸው ባሪያ ሆነዋል። ነህምያ ተቆጣ፤ ነገር ግን ቁጣውን ይዞ ወዲያው አልሮጠም፣ በልቡ ተማከረ። ከዚያ ታላላቆቹን ወቀሰ፣ ቀጥሎ ታላቅ ጉባኤ ሰበሰበ። በጉባኤውም “እኔም ወንድሞቼም ብላቴኖቼም ገንዘብና እህል አበድረናል” ብሎ ከራሱ ጀመረ። እርሻውም፣ ቤቱም፣ ከመቶ አንድ የወሰዱትም በዚያው ቀን እንዲመለስ ጠየቀ፤ እሺ ሲሉ ካህናቱን ጠርቶ አስማላቸው።

የዚህን ቅደም ተከተል ጠብቁት፤ ራስን መምከር፣ የሚመለከታቸውን መውቀስ፣ ጉባኤ፣ ከራስ መጀመር፣ ቀን መቁረጥ፣ በምስክር ማሰር። ከዕድር ገንዘብ ተበድሮ የቆየ ታላቅ ሰው ሲኖር እንዲህ ይባላል፦ “ጋሼ፣ የኔን ዕዳ ትናንት ገቢ አድርጌያለሁ፤ ደረሰኙ ይኸው። የእርስዎን ደግሞ መቼ እንበል? ቀኑን አብረን እንጻፈው።” ይህን ማለት የሚችለው ዕዳውን የከፈለ ብቻ ነው። ዕዳ ያለበት ሰብሳቢ አፉ የታሰረ ነው፤ ስለዚህ በዕድር ከሹመት በፊት ዕዳ ይጣራ።

ቀጥሎ ስለ ራሱ የጻፈው አለ። ከአርጤክስስ 20ኛ ዓመት እስከ 32ኛው፣ 12 ዓመት ሙሉ፣ እርሱና ወንድሞቹ ለገዥ የሚገባውን ቀለብ አልበሉም። ከእርሱ በፊት የነበሩት እንጀራና ወይን፣ በዚያም ላይ 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር፤ ሎሌዎቻቸውም በሕዝቡ ላይ ይሠለጥኑ ነበር። ቀለቡ ሕጋዊ መብቱ ነበር። የተወው እግዚአብሔርን ስለፈራና በሕዝቡ ላይ የነበረው ሸክም ስለከበደ ነው። እርሻም አልገዛም። ሰው በችግር መሬቱን በርካሽ በሚሸጥበት ጊዜ ገዥው አለመግዛቱን አስቡት። ሎሌዎቹም ሠልጥነው አልተቀመጡም፣ ቅጥሩን ይሠሩ ነበር።

ወደ እኛ ስናመጣው መጀመሪያ የሚነሣው የኪራይ ሱቅ ነው። ደብሩ የሚያከራየው ሱቅ ካለ የኮሚቴ አባልና የቅርብ ዘመዱ በአገልግሎት ዘመኑ አይከራይ፤ በጨረታ አሸንፎም ቢሆን። ያሸነፈው በእውነት ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ተጫራች ግን በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም፣ ኪራዩም ይወርዳል፣ ደብሩም ይጎዳል። የተረፈ እንጨት፣ የፌሮ ቁራጭ፣ ባዶ ከረጢት በዋጋ ተገምቶ ይሸጥ፤ “ማንም አይፈልገውም” ተብሎ ወደ ሰብሳቢው ግቢ አይሂድ። ሻጭ “ለእርስዎ ለሻይ” ብሎ የሚመልሰው ብር የደብሩ ቅናሽ ነው፤ በደረሰኙ ላይ ዋጋው እንዲቀነስ ጠይቁት። የሰብሳቢው ልጅ ወይም ሾፌር ግንበኞቹን ማዘዝ ከጀመረ በዚያው ቀን ይቁም።

ዘመድን ስለ መሾም ሰው ብዙ ይጠይቃል፤ ነህምያ ራሱ ወንድሙን አናኒን ሾሟልና። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለብቻው አልሾመውም፣ ከግንቡ አለቃ ከሐናንያ ጋር አጣመረው። ሐናንያ ለምን እንደተመረጠም ምክንያቱ ተጽፏል፤ የታመነና ከብዙ ሰዎች ይልቅ እግዚአብሔርን የሚፈራ ስለሆነ። ዘመድ የግድ ከሆነ ዘመድነቱ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ ዘመድ ያልሆነ ይጣመርበት፤ ገንዘብ ግን አይያዝ። በአነስተኛ ከተማ ሁሉ ሰው ይዛመዳል የሚለው ምክንያት ለመመዝገብ ያስገድዳል እንጂ ለመደበቅ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን አትሳሳቱ። ነህምያ በየቀኑ በማዕዱ 150 አይሁድና ከአሕዛብ የመጡትን ይጋብዝ ነበር፤ በየቀኑ አንድ በሬና ስድስት የተመረጡ በጎች ይታረዱለት ነበር። ያለው ሰው ነበርና መተው ይችላል። በቀን ሥራው የሚኖረውን ገንዘብ ያዥ “እንደ ነህምያ በነጻ አገልግል” ብላችሁ ልጆቹን አታስርቡ፤ እንዲህ ያለው ሰው ወይ ይተዋል ወይ ይወድቃል። አበል ከተሰጠ በጉባኤ ይወሰን፣ መጠኑ ይጻፍ፣ በወሩ ሪፖርት በስሙ ይነበብ። ከፍ ያለ ቢሆን እንኳ በግልጽ የተነበበው ተደብቆ ከሚወሰደው ጥቂት ይሻላል።

ጥያቄና ስም ማጥፋት አንድ አይደሉም

በምዕራፍ 5 የጮኹትን ሰማቸው፤ በምዕራፍ 6 ደብዳቤ የላኩትን ግን በአጭሩ መለሳቸው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ እርሻችን፣ ወይናችን፣ ልጆቻችን ብለው የተጎዱትን ነገር ጠቀሱ። የቅጥሩ ሥራ ጠላት የነበረው ሰንባላጥ ግን “እንዲህ ይወራል” ብቻ ነው ያለው። ሰው ደረሰኝ፣ ቀን ወይም የጎደለ ዕቃ ጠቅሶ ከጠየቀ ያ ጥያቄ ነው፤ አመስግኑትና መዝገቡን ክፈቱለት። በመሐላ ወይም በግዝት ዝም ማሰኘት ታላቅ በደል ነው። ግዝት የነፍስ ነገር ነው፤ የሒሳብ ጉድለት መሸፈኛ አይደረግም።

ሰንባላጥና ጌሳም አራት ጊዜ “በኦኖ ሜዳ እንገናኝ” ብለው ላኩበት፤ አራቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ሰጠ፣ ትልቅ ሥራ ላይ ነኝና መውረድ አልችልም አለ። የእኛ ኦኖ ከሻጭ ወይም ከሥራ ተቋራጭ ጋር በምሽት በግል ቤት የሚደረግ ግብዣ ነው። መልሱ አንድ ይሁን፤ “በደብሩ ጽሕፈት ቤት፣ በቀን፣ ሁለት ሆነን እናነጋግርዎት።” አምስተኛው የመጣው ክፍት ደብዳቤ ነበር፤ ማንም መንገድ ላይ እንዲያነበው ታስቦ ሳይታሸግ የተላከ። የዛሬው የፌስቡክና የቴሌግራም ወሬ እንደዚያ ነው። ሰነዱን አቅርቡ፣ ወሬው በተነገረበት ቦታ አንድ ጊዜ መልሱ፣ ከዚያ ወደ ድንጋዩ ተመለሱ። ሸማያ ደግሞ “ሊገድሉህ ነውና መቅደስ ውስጥ ተደበቅ” አለው፤ እርሱ ግን ለመዳን ብሎ ያልተፈቀደለትን አልገባም። ተከፍሎት የመጣ ምክር እንደሆነም አስተዋለ። በፍርሃት ሰዓት ከሥርዓት ውጡ የሚላችሁን ወዳጅ ጠርጥሩት።

ዕቃ ቤቱና ርክክቡ

ነህምያ ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ያገኘው መጽሐፉን የሚያነብ ሁሉ ያስደነግጣል። ካህኑ ኤልያሴብ የዕጣንና የዐሥራት ዕቃ ቤት የነበረውን ትልቅ ክፍል ከሰንባላጥ ጋር ሥራውን ይቃወም ለነበረው ለጠላታቸው ለጦብያ አዘጋጅቶለታል። ሌዋውያኑም ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው መቅደሱን ትተው ወደየእርሻቸው ሄደዋል። ነህምያ የጦብያን ዕቃ ወደ ውጭ ጣለ፣ ክፍሉን አስነጻ፣ የቀድሞውን ዕቃ መለሰ፤ ቀጥሎ ደመወዙን አስተካከለ። ከባዕድ ሕዝብ ሴቶችን ያገቡትን ሰዎች ጠጉር መንጨቱና መምታቱ በዚሁ በምዕራፍ 13 ተጽፏል፤ ያን ከእርሱ አትማሩ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወሰዳል። የመጀመሪያው የአገልጋዩ ደመወዝ ነው። ግንቡ እየተሠራ የካህናት፣ የዲያቆናት፣ የጥበቃና የአብነት መምህር ደመወዝ ካደረ ሥራው ከሥሩ ታሟል። የአቋቋም ምስክር የሆነችው በዓታ ባለችበት ከተማ መሪጌታ ድርሻው ቀርቶበት ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ጉድጓዱን ድንጋይ አይሞላውም። በባንክ ውስጥ የሦስት ወር ደመወዝ ለብቻው ሳይቀመጥ የግንባታ ውል አትፈርሙ።

ሁለተኛው ዕቃ ቤት ነው። ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት በመዝገብ ቁጥር፣ በመግለጫና በፎቶ ይያዙ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ቁልፍ ባልያዘ ሰው ተቆጥረው ይፈረም። ለማኅሌት ወይም ለሌላ ደብር በውሰት የወጣ ዕቃ የተረካቢው ስም፣ የሚመለስበት ቀንና የወጣበት ሁኔታ ይጻፍ። ዕቃ ቤት ውስጥ የግለሰብ ዕቃ “ለጊዜው” አይግባ፤ ጦብያም የገባው እንዲሁ ነው።

ዘመናችሁ ሲያልቅ ርክክቡን አታዘግዩት። አዲሱ ኮሚቴ በተመረጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ ሀገረ ስብከቱ ወይም ዕድሩ የላከው ታዛቢ ባለበት፣ የባንክ ቀሪ በባንክ ደብዳቤ፣ ያልተቆረጠ ደረሰኝ ከስንት እስከ ስንት ቁጥር፣ የዕቃ መዝገብ፣ ያልተከፈለ ዕዳና ያልተሰበሰበ ኪራይ፣ በመጨረሻም ቁልፎቹ በሦስት ቅጂ ቃለ ጉባኤ ይረከቡ። የሦስቱ ቁልፍ ጋኖች በዚያው ቀን ይለወጡ፤ የባንክ ፈራሚዎች ስም በዚያው ሳምንት ይቀየር። የቀድሞው ገንዘብ ያዥ አዲሱ የመጀመሪያውን ወር ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ እሑድ እሑድ እየመጣ ለሚጠየቀው ሁሉ መዝገቡን እያሳየ ይመልስ።